የአክስቴ መላእክትና የእኔ አሞራ

ትልቅ ካሜራ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው ሠርግ ቤት ሲገባ ስሙ በር ላይ ይቀራል። የሙሽራው ያጎት ልጅ ይሁን የሙሽሪት ክርስትና አባት፣ የሚጠይቅ የለም፤ «ፎቶ አንሺው» ነው። «ፎቶ አንሺው፣ በዚህ በኩል!» «ፎቶ አንሺ፣ እኛስ?» ሲባል ይውላል። እኔ በገዛ ዘመዴ ሠርግ ክራባቴን አስሬ፣ ስጦታዬን በፖስታ ይዤ ብሄድ፣ አንዲት ትሑት አስተናጋጅ ከቪዲዮ ባለሙያው፣ ከመብራት ያዡና ከኦርጋን ተጫዋቹ ጋር ወስዳ አስቀመጠችኝ። ቅር አላለኝም። ጥሬ ሥጋው የሚቆረጥበት ቦታ ከዚያ ጠረጴዛ ሁለት እርምጃ ነበር።

ስሜን ያስጣለኝ ካሜራ ካኖን 350ዲ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ፣ በጊዜው ብዙ ጎረምሳ ያስመኘ፣ ውስጡ መስተዋት ያለው ዲጂታል ካሜራ ነው። ከአንድ የፎቶ ቤት ባለቤት በሁለተኛ እጅ ገዛሁት፤ ሰውየው ብሩን እየቆጠረ «ይህን ዕቃ አደራ እንዳትሸጠው» አለኝ። ባዶ ገላው 485 ግራም ነው፤ አብሮት የሚመጣው ሌንስ 190 ይጨምርበታል፤ ቦርሳው፣ ቻርጀሩና ሌላው ኮተት ሲታከል ወሬው በግራም መሆኑ ይቀራል። 8 ሜጋፒክስል አለው። ቪዲዮ አይቀርጽም። ከኋላው ያለችው ስክሪን የተነሳውን ፎቶ እንጂ የሚነሳውን ሰው አታሳይም፤ ለማንሳት ዓይንን ቀዳዳው ላይ መለጠፍ ግድ ነው።

ይህን የማያውቅ ትውልድ ደርሷል። ባለፈው ለአንድ ወጣት ካሜራውን ሰጥቼ ከእናቴ ጋር እንዲያነሳኝ ለመንኩት። ልጁ ክንዱን ዘርግቶ፣ ካሜራውን ከፊቱ አርቆ ይዞ፣ ጥቁሩን ስክሪን አፈጠጠበት።

«ጋሼ፣ ጠፍቷል።»

«አልጠፋም፤ ዓይንህን አስጠጋ።»

አስጠጋ። ትንሽ ዝም አለና፣ «ውይ! ውስጡ ቁጥር አለ!» አለ። እኛ ፈገግታችንን ይዘን ስንጠብቅ፣ እሱ ቀዳዳው ውስጥ የሚያየውን ሁሉ ለጓደኛው ይተርክለት ጀመር።

አክስቴ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ለገና ስትመጣ የያዘቻት ካሜራ የዚህ ሁሉ ተቃራኒ ናት። ብርማ፣ 150 ግራም የማትሞላ፣ ከሸሚዝ ኪስ ገብታ የምትጠፋ። በዚያን ዘመን ፋብሪካዎቹ ካሜራ በማቅጠን ይፎካከሩ ነበር፤ ካሲዮ እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣት ኤክሲሊም ውፍረቷ 11.3 ሚሊሜትር ብቻ ነበር። የአክስቴ ያን ያህል ቀጭን ባትሆንም የምትኖረው በእጅ ቦርሳ ውስጥ ነው፤ ከሶፍት፣ ከሊፕስቲክ፣ ከቁልፍና በላስቲክ ከተቋጠረ ቆሎ ጋር። ስትከፈት «ዝዝዝ» ብላ አፍንጫዋን ታወጣለች። አንድ ቀን አንዲት የቆሎ ፍሬ አፍንጫዋ ሥር ገብታ ግማሽ መንገድ ላይ ብትቀር፣ አክስቴ በመርፌ አወጣቻትና ፍሬዋን በላቻት።

እኔ ካሜራዋን በትዕቢት ነበር ያየኋት። ትዕቢቴ ግን የቁጥር ድጋፍ ነበረው። ካሜራ ብርሃን የሚቀበልበት ሴንሰር የሚባል ቁራጭ አለው፤ የእኔው 22.2 በ14.8 ሚሊሜትር ነው። የእሷ ዓይነቶቹ ብዙውን ጊዜ 6 በ4.5 ገደማ ናቸው። በስፋት ሲሰላ የእኔ 12 እጥፍ ገደማ ነው። ሆኖም የእሷ ካርቶን ላይ በትልቁ «12 ሜጋፒክስል» ተብሎ ተጽፏል። ጥፍር በምታክል ቦታ ላይ 12 ሚሊዮን ነጥብ! ሥራ መውጫ ሰዓት ላይ የሚኒባስ ረዳት «ጠጋ ጠጋ በሉ» ብሎ የሞላው ወንበር ይመስላል፤ ሁሉም ተሳፍሯል፣ የተመቸው ግን የለም። ቀን በፀሐይ ችግሩ አይታወቅም። የገና ዋዜማ በጧፍ ብርሃን አክስቴ ያለ ፍላሽ ያነሳችው ፎቶ ላይ ግን የእናቴ ፊት አሸዋ ሆኖ ወጣ። የእኔው ያንኑ ፊት፣ ያንኑ ጧፍ፣ ከነጉንጯ ሽብሽብ አወጣው።

«እትዬ፣ አየሽ ልዩነቱን?» አልኳት።

«አየሁ፤ እኔ ወጣት አድርጌያታለሁ» አለችኝ።

የፍላሽ ነገር ሲመጣ ነው ጉዱ። አክስቴ ቡና ላይ ያነሳችው ፎቶ አለ። ረከቦቱ ከፊት፣ ቄጠማው ተጎዝጉዞ፣ እጣኑ እየጨሰ፣ ጎረቤታችን እማማ ስኒያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው። ከራሳቸው በላይ፣ አየሩ ላይ፣ ክብ ክብ ነጫጭ ነገሮች ይንሳፈፋሉ፤ አንዱ ተለቅ ያለ፣ ሌሎቹ አነስ አነስ ያሉ፣ ግድግዳውን በስሱ የሚያሳልፉ። አክስቴ ስክሪኑን አየችና እልልታዋን አቀለጠችው። «መላእክት ናቸው!» እማማ ስኒያቸውን አስቀምጠው አማተቡ። ፎቶው በትልቁ ታጥቦ ፍሬም ገባ፤ አንዱ ቅጂ ሲልቨር ስፕሪንግ ደርሶ ሳሎን ተሰቀለ።

እውነቱን ለመናገር ብሞክር ወየው ለእኔ ሆነ። ትንንሽ ካሜራዎች ላይ ፍላሹና ሌንሱ ጎን ለጎን ናቸው፤ ገላቸው ጠባብ ስለሆነ ሌላ መሄጃ የለም። ቄጠማው ሲጎዘጎዝ የተነሳው አቧራና ከጭሱ ጋር የሚንሳፈፈው ብናኝ ሌንሱ አፍንጫ ሥር ሲያልፍ ፍላሹ ፊት ለፊት ያበራበታል። ብናኙ በጣም ቅርብ ስለሆነ ሌንሱ አጥርቶ ሊያየው አይችልም፤ ስለዚህ አንዷ ቅንጣት ተነፍታ ክብ ትሆናለች። ዓይንን የበርበሬ ፍም የሚያስመስለውም ይኸው ጉርብትና ነው፤ ብርሃኑ በብሌን ገብቶ፣ በደም ከተሞላው የዓይን ወለል ነጥሮ፣ በመጣበት መንገድ ወደ ሌንሱ ይመለሳል። የእኔ ካሜራ ፍላሹ ከአናቱ ብድግ ብሎ፣ ከሌንሱ ራቅ ብሎ ስለሚቆም ሁለቱም ይቀንሱለታል።

አክስቴ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰማችኝ።

«ታዲያ በአንተ ካሜራ የማይመጡት ለምንድን ነው?»

«ፍላሹ ስለሚርቅ ነዋ።»

«ጸሎትህ ስለራቀ ነው።»

እማማም በዚህ ተስማሙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡና ሲፈላ እኔ ካሜራዬን ባወጣ «ተወው፣ ያቺ ትንሿ ትምጣ» ይባላል።

ደግሞ የእኔም ካሜራ ከአቧራ ነፃ አይደለም። ሌንሱ የሚፈታና የሚገጠም በመሆኑ፣ ሲፈታ ሆዱ ክፍት ነው፤ የበጋ የአዲስ አበባ አቧራ ደግሞ ግብዣ አይጠብቅም። ብናኙ ሴንሰሩን የሚሸፍነው መስታወት ላይ ያርፍና እዚያው ይኖራል። ከዚያ በኋላ በማነሳው ሰማይ ሁሉ፣ ቀኝ ጥግ ላይ፣ አንዲት ጥቁር ነጥብ አለች። እንጦጦ ላይ አለች። ቢሾፍቱ ሐይቅ ላይ አለች። ሌንሱ ጠበብ ብሎ ሲከፈት ትጠቁራለች፣ ሰፋ ሲል ትደበዝዛለች እንጂ አትጠፋም። ሰው ሲጠይቀኝ «አሞራ ናት» እላለሁ። ያምናሉ፤ አሞራ የሌለበት ሰማይ እኛ አገር የት አለ? አንዱ ወዳጄ ግን ፎቶዎቹን ተራ በተራ ሲያይ ቆይቶ፣ «ይቺ አሞራ አንተን ነው እንዴ የምትከተለው?» አለኝ። የአክስቴ አቧራ ፍሬም ገብቶ ይሳለሙታል፤ የእኔው አቧራ ጥንብ ይጠብቃል።

ከሁለቱ ካሜራዎች የትኛው ይበልጣል ለሚለኝ ሰው መልሴ፣ ጥምቀት ላይ ነጠላ የለበሰ ሰው አንሱና ተመልከቱ ነው። ካሜራ የብርሃን መለኪያ አለው፤ መለኪያው ግን የሚያየው ነገር ሁሉ ተደማምሮ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ያምናል። ለሣር፣ ለአስፋልት፣ ለቀይ አፈር ይህ እምነት ይሠራል። ጃንሜዳ ላይ በጧት ፀሐይ አገር ምድሩ ነጭ ለብሶ ሲቆም ግን መለኪያው ይደነግጣል፤ «ብርሃን በዛ» ብሎ ይቀንሳል። ነጠላው ዓመት ሙሉ ሳሙና ያላየ ይመስል ግራጫ ይሆናል፤ ጠይም ፊቶች ደግሞ ዓይንና ጥርስ ብቻ ቀርቶላቸው ይጠቁራሉ። ስንቷ እናት ናት አዲስ ነጠላዋን አጣጥፋ ከርማ፣ ፎቶው ሲመጣ አሮጌ ለብሳ የታየችው!

መድኃኒቱ ለካሜራው «ያየኸው ነጭ ነው፤ ጨምር» ማለት ነው። በእኔው ላይ አንዲት ቁልፍ በአውራ ጣት ተጭኖ፣ በሌባ ጣት ጥርስ ያለውን ጎማ ማሽከርከር ነው፤ ዓይንን ከቀዳዳው ሳይነቅሉ ይሆናል። በዚህ ኮራሁ። አክስቴን «እትዬ፣ አንቺ በዚያች ካሜራ ነጠላ አታነሺም» አልኳት። እሷ ሜኑውን ከፍታ ስትጎረጉር ቆየች። ፋብሪካው ለሰነፍ ያዘጋጃቸው ሥዕሎች አሉ፤ ርችት፣ ባሕር ዳርቻ፣ ሕፃናትና የቤት እንስሳት፣ የዓሣ ገንዳ፣ በረዶ። አክስቴ በረዶን መረጠች።

«ሜሪላንድ ክረምት ላይ ልጆቹን የማነሳው በዚህ ነው» አለች።

አነሳች። ነጠላው ነጭ፣ ጥበቡ ቀይና አረንጓዴ፣ የእማማ ፊት የእማማ ፊት። ነገሩ ሲታሰብ ልክ ነው፤ በረዶ የለበሰ መሬትም ነጭ ነው፣ ነጠላ የለበሰ ሕዝብም ነጭ ነው፤ ፋብሪካው ለበረዶው አስቦ ብርሃን ጨምሮበታል። የእኔ ጣት የለመደው ሥራ ሁሉ ከአንዲት የበረዶ ሥዕል ጋር እኩል ወጣ። ሠፈራችን ውስጥ እስከ ዛሬ ትንሽ ካሜራ ያለው ሁሉ ለጥምቀት በረዶ ላይ ነው የሚያደርገው።

በፍጥነት ግን አትችለኝም፤ እዚህ ላይ ድርድር የለም። የዚያ ዘመን ትንንሽ ካሜራዎች ቁልፉ ተጭኖ ፎቶው እስኪነሳ ግማሽ ሴኮንድ፣ ሲመሽ ከዚያም በላይ ያስባሉ። ዳቦ ሲቆረስ ብታነሳ ቢላዋው ወጥቶ ይደርሳሉ፤ ሙሽራው ቀለበት ሲያጠልቅ ብታነሳ እጁን ሲሰበስብ። አክስቴ ለመስቀል የመጣች ጊዜ የሠፈራችንን ደመራ አነሳች። ደመራ ደግሞ ወዴት እንደወደቀ የሚታይ ነገር ነው፤ ሽማግሌዎቹ ዓመቱን የሚገምቱት በዚያ ነው። ምሰሶው ማዘንበል ሲጀምር ተጫነች። የወጣው ፎቶ የሚሸሹ ሰዎች ጀርባና አንድ ብቻውን የቀረ ነጠላ ጫማ ነበር። አጽናናኋት። ስቲቨን ሳሰን የተባለው የኮዳክ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1975 የሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ 3.6 ኪሎ ይመዝን፣ አንዱን ጥቁርና ነጭ ፎቶ ካሴት ላይ ለመቅዳት ደግሞ 23 ሴኮንድ ይፈጅበት ነበር አልኳት። «ታዲያ እሱ ሲያነሳ ደመራው ወድቆ፣ አመዱን ግንባራችን ላይ ተቀብተን፣ ቤታችን ገብተን ነበር» አለች።

እኔ ደመራውን ሲወድቅ ይዤዋለሁ፤ ካሜራው በሴኮንድ ሦስት ያነሳል። ሆኖም ወዴት እንደወደቀ ክርክር ተነስቶ ሽማግሌዎቹ «አንተ በቅርብ ነበርክ፣ ምን አየህ?» ሲሉኝ የምለው አልነበረኝም። በቀዳዳው የሚታየው ዓለም የሚመጣው በመስተዋቱ በኩል ነው፤ ቁልፉ ሲጫን መስተዋቱ «ቻክ» ብሎ ወደ ላይ ይነሳል፣ ቀዳዳውም ይጨልማል። ፎቶ በምታነሳባት ቅጽበት ከሕዝቡ ሁሉ መካከል ነገሩን የማያይ ሰው ቢኖር አንተ ነህ። «ምስሉን አይቼ ልንገራችሁ» አልኩ። ባትሪው አልቆ ስለነበር ምስሉን ያየነው ከቤት ነው፤ እስከዚያ እነሱ ምሥራቅ ብለው ወስነው ነበር። ፎቶው ሰሜን ይላል። የሚሰማኝ አላገኘሁም።

ያች «ቻክ» ሌላም ጣጣ አላት። ሰው ይሰማታል። የእኛ ሰው ትልቅ ካሜራ ሲያይ ይቆማል፤ ጀርባውን ያቀናል፣ ኮቱን ይቆልፋል፣ ሳቁን ይውጣል፣ ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ የሚነሳ ይመስል ፊቱን ያጠብቃል። የእኔ አልበም ውስጥ ያለው ዘመድ ሁሉ ችሎት ፊት የቀረበ ነው። ብርሃኑ ያማረ፣ ከጀርባ ያለው ነገር በለስላሳው የደበዘዘ፣ ሽፋሽፍቱ የሚቆጠር ተከሳሽ። የአክስቴ አልበም ውስጥ ግን ግማሽ ጭንቅላት ተቆርጧል፣ ግንባር በፍላሽ ነድዷል፣ አድማሱ ዘሟል፤ ሰዎቹ ግን ጉርሻ በአፋቸው እንደሞላ ይስቃሉ። አጎቴ ሲስቅ የሚያሳይ ፎቶ ቤታችን ውስጥ ያለው እሷ ያነሳችው ብቻ ነው። የእጅ ጉዳይ እንዳይመስላችሁ፣ ካሜራ ተለዋውጠን ሞክረነዋል። እኔ ያችን ትንሿን ይዤ ስዞር ማንም ከጨዋታው አልተናጠበም። አክስቴ የእኔን ስታነሳ ግን አጎቴ ተነስቶ ኮቱን ለበሰ።

በር ጠባቂዎችም እንደዚሁ ናቸው። አንድ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ይዤ ብሄድ ዘበኛው ካሜራዬን አይቶ «ይህ አይገባም» አለና ከጃንጥላና ከምሳ ዕቃ ጋር አስቀመጠው። አክስቴ ከኋላዬ ከነቦርሳዋ ገባች። ቪዲዮ የማይቀርጸው የእኔው ውጭ ቀርቶ፣ ቪዲዮ የምትቀርጸው ውስጥ ነበረች።

አክስቴ ስልኳ ከካሜራዋ የተሻለ ማንሳት የጀመረ ዕለት ትንሿን ትታልን ሄደች። ባትሪዋ ተሟጦ ከከረመ ቀኑን ስለምትረሳ፣ በከፈትናት ቁጥር ፎቶው ጥግ ላይ በብርቱካናማ ቀለም ጃንዋሪ 1 ቀን 2000 ትጽፋለች፤ በእኛ ታኅሣሥ 22 ቀን 1992 መሆኑ ነው። እናቴ «በእኛው አቆጣጠር ሙሉልኝ» ብትለን ሞከርን። ካሜራዋ ዓመቱን ተቀበለች። ጥቅምት 30ን ግን፣ ሁለተኛ ወር ላይ 30 ቀን የለም ብላ እምቢ አለች፤ ጳጉሜንማ ከነጭራሹ አታውቃትም።

እንዲያው ሲታሰብ ሁለቱንም የጣላቸው አንድ ነው። የጃፓን የካሜራ አምራቾች ማኅበር መዝገብ እንደሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ ገበያ የወጣው ዲጂታል ካሜራ 121 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ በ2020 ግን 9 ሚሊዮን አልሞላም። ስልክ በላቸው። መጀመሪያ የበላው ደግሞ ትንንሾቹን ነው። ስለዚህ የእህቴ ልጅ በቀደም መጥታ «ጋሼ፣ የዚያች የእትዬ ካሜራ አለች?» ስትለኝ ለመጣል መስሎኝ ነበር። ለካስ ፋሽን ሆናለች። ጓደኞቿ ሁሉ እንዲህ ዓይነት እየፈለጉ ነው፤ ግንባር የሚያነድደው ፍላሽ፣ ቀዩ ዓይን፣ የተሳሳተው ቀን ሳይቀር «ቫይቡ ነው» ይባላል። እኔ ስንት ዓመት ያስተካከልኩትን ጥፋት ሁሉ ሆን ብላ ልታነሳ ወሰደቻት። የእኔንም ላውስሽ ብላት አንስታ መዘነችና ቀስ ብላ መለሰችልኝ።

ትንሿ ካሜራ የምትጠቀመው ኤስዲ ካርድ ስለሆነ ላፕቶፗ ላይ ሰካችና ጨረሰች። የእኔ ካርድ ኮምፓክት ፍላሽ ይባላል፤ ወደ 4 ሴንቲሜትር የሚጠጋ ጎን ያለው፣ በ50 ፒኖች የሚሰካ ወፍራም ነገር። ማንበቢያው ተሰብሮብኝ አብረን መርካቶ ወረድን። በየሱቁ ካርዱን ሳሳይ ልጆቹ እያገላበጡ «የምን ዕቃ ነው?» ይሉኛል። በመጨረሻ አንዱ ከኋላ፣ ከድሮ ቻርጀሮች ሥር ፈልፍሎ አንድ አመጣ። የጠራው ዋጋ ግን አዲስ ስልክ ቀብድ ይሆናል።

«አንተ ልጅ፣ ይህ እኮ አሮጌ ነው» አልኩት።

«ጋሼ፣ አሮጌ ስለሆነ እኮ ነው!» አለ።

የእህቴ ልጅ ከጎኔ ሆና «ቪንቴጅ ነው፤ ክፈል» አለችኝ። የእትዬን ካሜራ በነፃ የወሰደች ልጅ! ተከራክሬ፣ ሄጄ ተመልሼ፣ ከፈልኩ። ቤት ገብቼ ብሰካው ከ50ዎቹ ፒኖች አንዱ ጎብጧል። ሱቁ ደግሞ የተሸጠ አይመልስም። ፒያሳ አንድ ሰዓት ሠሪ አለ፣ እጁ አይንቀጠቀጥም፣ በወረንጦ ያቃናልሃል ብለውኛል፤ ነገ ይዤለት እሄዳለሁ፤ ካሜራውን ግን ቤት ትቼ።